ያላነበብኩለት ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንበሳሜን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ማርሽ አልገባ አለው። ሾፌሩ ዘንጉን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ፤ ከሥር ብረት ከብረት ሲፋጭ ጆሮ የሚሰረስር ጩኸት ወጣ። ዳር ይዞ ቆመና፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካምቢዮው፣ የማርሹ ቤት፣ እንዳለቀለት ነገረን። ተሳፋሪው ሌላ መኪና ስለመጠበቅ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን አላስቻለኝም፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሹን እንዲሞክረው ነገርኩት። ዞሮ አየኝ። አጠፋ፣ ሞከረ። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። ያኔ ወርዶ ፍሪሲዮኑን ማየት ጀመረ።

"እትዬ፣ ይኸን ማን አስተማረዎት?" አለኝ፣ አስተካክሎት ስንነሣ።

"ወንድሜ" አልኩት። ውሸት አይደለም። እንዴት እንዳስተማረኝ ለመንገር ግን ዳገቱ አይበቃም ነበር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አራት ዓመት ዓረብ አገር ሠርቼ ስመለስ፣ ባመጣሁት ገንዘብ አሮጌ ፒክአፕ ገዛን። በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ይርጋ ከጉና ተራራ ሥር ድንችና ገብስ እየጫነ ደብረ ታቦር ያወርድ ጀመር። እናቴ፣ እሱና እኔ በዚያች መኪና ገቢ እናድር ነበር፤ እኔም በዚያ ተማምኜ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። አዎ፣ ሰባተኛ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ጎረቤቶቻችን "የሰባተኛ ክፍል አሮጊት" ይሉኝ ነበር። ሃያ አራት ዓመት እርጅና ከሆነ በሰፈራችን ወጣት የሚባል አልነበረም።

ይርጋ ትምህርቱን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነውና ንባብ ይዘገይበታል። ከፍ ላለው መንጃ ፈቃድ ፈተና ሊቀመጥ አስቦ ስለነበር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሾፌሮች ማሠልጠኛ መጽሐፍ ከገበያ ገዛሁለት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እያነበብኩ አስጠናው ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት እሱ ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች ተቀቅሎ ይቀርባል፤ በእንፋሎቱ ጣታችንን እያቃጠለን በጨውና በበርበሬ እንበላለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። የሰማውን አይረሳም።

አንድ እሑድ ስለ ፍሪሲዮን ደረስን፤ በግራ እግር የሚረገጠው፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ማለት ነው። ከፔዳሉ የሚነሣው ሽቦ ጫፉ ላይ ማጥበቂያ ዳዶ አለው። ዳዶው ከላላ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥም ሞተሩ በደንብ አይላቀቅም፤ ማርሹም እየጮኸ አልገባም ይላል። ይህን አንብቤ እንደጨረስኩ አንድ ጓደኛው ከደጅ ጠራውና ወጣ። ቀጣዩን ገጽ ለብቻዬ አነበብኩት። የጀመርኩትን ምዕራፍ ሳልጨርስ መጽሐፍ አልዘጋም፤ ዛሬም አመሌ ነው።

በመስከረም መጨረሻ፣ መንገዱ ገና ጭቃውን ሳይጨርስ፣ ይርጋ ከጉና ባዶውን ተመለሰ። ግቢያችን ገብቶ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ዘንጉን ሲገፋው ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸ። መካኒክ እንዳየው፣ የካምቢዮው ጥርስ እንደተበላ፣ የሚተካ ዕቃ እንደማይገኝ ነገረን። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥታ ሞተሩ ላይ ረጨች። ይርጋ አቀርቅሮ "ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እታለም" አለኝ። ሌላ መኪና እስክንገዛ ተመልሼ ዓረብ አገር መሄድ ነበረብኝ። ደላላውን አነጋግሮታል።

አለቀስኩ፤ እምቢ ግን አላልኩም። ፓስፖርቴን አውጥቼ ሰጠሁት። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በጋዜጣ እንደለበድኳቸው ወስጄ አስረከብኩ። የተቀበለኝ መምህር የሒሳቡን ገልጦ፣ አንዲት የቀለም ነጥብ እንኳ እንደሌለበት አይቶ፣ "ምነው ሁሉም እንዳንቺ በያዘው" አለ። ያችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ጃንጥላዬን መኪናው ውስጥ ረስቼ ነበርና ላወጣ በሩን ከፈትኩ። ግቢያችን ተዳፋት ነው። የእኛ አገር ሾፌር ተዳፋት ላይ ሲያቆም የእጅ ፍሬን ብቻ አያምንም፤ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ወርዶም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ይርጋ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ እንደሚያማትበው። ድንጋዩ በቦታው ነበር። ዘንጉም አንደኛ ላይ ነበር።

ማርሽ አልገባም ያለ መኪና እንዴት በማርሽ ቆመ?

ድንጋዩ ጎማውን መደገፉን አጣርቼ ገባሁና ዘንጉን ነካሁት። ወጣ። መልሼ አስገባሁት፣ ገባ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የኋላ፣ ሁሉም እሺ አሉኝ። ለብቻዬ ያነበብኩት ገጽ ትዝ አለኝ። መጽሐፉን አምጥቼ አረጋገጥኩ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በደህና ከገባ፣ ካምቢዮውን ከመክሰስ በፊት ፍሪሲዮኑን መመርመር ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር የጉናን ጭቃ ለብሷል፤ ያ ዳዶ ብቻ ንጹሕ ነው። አጠገቡ ያለው የሽቦው ጥርስ አዲስ እንደተገለጠ ብረት ያበራል። ይርጋ እኔ ያነበብኩለትን ያህል ሄዷል፤ ከዚያ አላለፈም።

ከወንበሩ ሥር ቁልፍ አውጥቼ መጽሐፉ እንደሚለው አጠበቅኩት። ይርጋ ሲመጣ እንዲያስነሣው ነገርኩት። ምን ያደርጋል ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ፤ የመኪናውን በር ከፈትኩለት። አስነሣ፣ ረገጠ፣ ዘንጉን ገፋ። ማርሹ ገባ። እጁ ዘንጉ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ቀጣዩን ገጽ አላነበብኩልህም ነበር" አልኩት።

የመለሰችው በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ናት።

"ነግሬው ነበር" አለች። "አንብባ ትደርስብሃለች ብዬ ነግሬው ነበር።"

የይርጋን ችዬው ነበር። እሷ ግን ያን ጸበል የረጨችው እያወቀች ነው። በኋላ ምክንያታቸውን ሰማሁ፦ ከልጆች መሐል ተቀምጬ መማሬ ጨዋታ መስሏቸው፣ እኔ ዓረብ አገር ተመልሼ ብሠራ ግን ቤት እንደሚሠራ፣ እሱም እንደሚያገባ አስበው ነው። ሂጂልን ብለው ቢጠይቁኝ ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን እንዳላውቅ ማድረጋቸው ከዳዶው ይልቅ ይቆረቁረኛል።

ፓስፖርቴን ተቀበልኩ፤ መጻሕፍቴንም በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ መልሼ ወሰድኩ። ተማርኩ፣ አስተማርኩ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ግን ለይርጋ አንዲት መስመር አንብቤለት አላውቅም። ለፈተናውም አልተቀመጠም።

ቅዳሜ የሄድኩት እሱን ልጠይቅ ነው፤ ደም ግፊት ይዞታል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከመኪናው ጎማ ሥር ያለውን ድንጋይ ሳላይ አላለፍኩም። ሚስቱ ቅቅል ድንች አቀረበችልን። ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠውን ወረቀት ከኪሱ አወጣና፣ ወደ እኔ ሳያይ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። የያዝኩትን ድንች ልጬ ጨረስኩ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩለት፤ እሱም እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ይቅርታ ነው ልበል? አልልም፤ ያልመዘንኩትን ቃል መጻፍ አልወድም።

"ይበቃል፣ እታለም። ገብቶኛል" አለኝ።

"አይበቃም" አልኩትና ወረቀቱን ገለበጥኩ። "ጀርባውም ላይ አለ።"