ማዶ ዝም ሲል

የዕድሜ እኩዮቼ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ከሰዓት ደጅ ተቀምጠው የማን ጉልበት ይበልጥ እንደሚያም ሲከራከሩ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ደርቤ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰቅዬ፣ ከዋክብት እያስገበርኩ ነው። ሽማግሌው አበደ ያላችሁ እንደሆነ አልተሳሳታችሁም፤ ሟቿ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህንኑ ትል ነበር፣ ያውም ይህ የኮምፒውተር ጨዋታ ገና ሳይመጣ።

ነገሩን ያመጣችብኝ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ከእኔው ጋር ትኖራለች፤ አንድ እሑድ፣ “አባባ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከሚጮሁ እዚህ ላይ ይጩሁ፤ እዚህ እንኳ የሚታዘዝልዎት አለ” ብላ ኮምፒውተሯን ፊቴ አስቀመጠችው። ጨዋታው ሲከፈት ድቅድቅ ያለ ሰማይ ይመጣል፣ እንደ ተበተነ ገብስ ኮከብ የፈሰሰበት። አንዲት ፕላኔት፣ ጥቂት ሕዝብ፣ ጥቂት እህል፣ አንድ ቃኚ መርከብ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥራችሁ ነው። ተራ በተራ ነው የሚኬደው፤ ያዘዛችሁትን አዛችሁ ስትጨርሱ ዓመቱ ያልፍና ጥጋባችሁም ረሃባችሁም ይነገራችኋል።

መጀመሪያ ሳየው፣ ይኼማ የልጅ ነገር ነው አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ካርታ ያሸንፈኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አሸነፈኝ። እንደ እኔ ዘግይታችሁ ለምትጀምሩ ጡረተኞች የምመክረው፣ በጦር መርከብ አትጀምሩ። እኔ የሚዋጋኝ ሳይኖር ጦር ሰብስቤ ሕዝቤን በጠኔ ስጨርሰው፣ ቤዛ ከኋላዬ ቆማ፣ “መርከቦቹን ቀቅለው ያብሏቸዋ” አለችኝ። እርሻ ይቅደም። ጎረቤት ሰላም ሲላችሁም መልሱለት፤ የእኔው ጎረቤት ፊቱ የተላጠ ድንች የሚመስል ፍጡር ነው፣ መልኩ ስላልጣመኝ ሰላምታውን ዘጋሁበት፣ እሱም የነዳጅ መንገዴን ዘጋብኝ። በማያውቁት ሰው ላይ በመልኩ መፍረድ እንደማይገባ ተማሪዎቼን ስገሥጽ የኖርኩት እኔው ነበርኩ።

ከሁሉ የከፋኝ ግን የርቀቱ ነገር ነው። ዋና ከተማዬን አንኮበር ብያታለሁ፤ የተወለድኩበት ነው፣ እንደ ጉራ አትቁጠሩብኝ። ከጎኗ፣ ጣት በማያስገባ ቦታ፣ አንዲት ሰማያዊ ፕላኔት ትብለጨለጫለች፤ እሷን ማዶ አልኳት። ይቺው አይደለች እንዴ ብዬ፣ ስንቅ ቀንሼ፣ ሰፋሪ የጫነች መርከብ ላክሁ። ቤዛ አይታ ካርታውን በጣቷ አዞረችው። ሰማዩ ሲዞር ያቺ ከአንኮበር ጎን ተለጥፋ የነበረች ፕላኔት ወደ ኋላ ሸሸች፣ ሸሸች፣ ጥግ ገባች። ለካ ከጎኗ ሳይሆን ከኋላዋ ኖራለች። ስለዚህ ሰው ከመላካችሁ በፊት ካርታውን አዙሩት፤ ዓይን ቀጣፊ ነው። ሰፋሪዎቼ እንደምንም ደርሰው በየተራው ቲን፣ ቲን እያደረጉ እህል ይለምኑኝ ጀመር፤ እህል የጫነው መርከብ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ተራ ላይ ቲን የሚል ነገር ጠፋ።

“አባባ፣ ማዶ ዝም አለች” አለች ቤዛ። “ምላሽ የለም ነው የሚለው።”

ኮምፒውተሩን ከደንኩት። ዓይኔን ደከመኝ አልኳት፤ ዓይኔን አልነበረም።

የተወለድኩበት ቤት አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ነበር፣ በሩ ወደ ገደሉ የዞረ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ጉሙ እንደ ተጠራ እንግዳ ዘው ብሎ ይገባል፣ እርጥብ ጽድና የራሰ የበግ ጠጉር ጠረን ይዞ፤ ጉሙ ሲገለጥ ከእግራችን ሥር ገደሉ ይወርዳል፣ ከታች ወንዙ ያጉረመርማል፣ ከወንዙ ወዲያ ሌላ አፋፍ ይነሣል። ያ ማዶ ነው። የማዶ ውሻ ሲጮኽ የእኛ ውሻ ይመልሳል፣ የማዶ ሰው ሲያስነጥስ እናቴ ከጓዳዋ “ይማርህ” ትላለች። በእግር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ማልዶ የተነሣ ሰው ቁልቁለቱን በቂጡ እየተንሸራተተ፣ ዳገቱን በእጁ እየቧጠጠ፣ ማዶ የሚደርሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ስለዚህ ወሬ የሚሄደው በጩኸት ነበር። ይኼም ሙያ ነው፣ አትናቁት። ነፋሱ እስኪያርፍ ይጠበቃል፣ ሁለት እጅ አፍ ላይ ይከደናል፣ ስም እየተጎተተ ይጠራል፣ ከዚያ ገደሉ ቃሉን ተቀብሎ ደግሞት እስኪጨርስ ዝም ይባላል። ገበያ ስንት ዋለ፣ የማን ላም ወለደች፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ምስጢር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።

አባቴ ታላቅ እህቴን ዘርፌን ማዶ ለሚኖር ደምሴ ለሚባል ልጅ ሲድራት፣ ከመዘዞ የመጡ የተሻሉ ጠያቂዎችን፣ “ዓይኔ የማያያትን አገር ልጄን አልሰጥም” ብሎ መልሶ ነው። እውነትም ከደጃችን ቤቷ ይታያል፣ ጢሱ ሲወጣ እናቴ “ዛሬስ አርፍዳ ተነሣች” ትላለች። ማታ ማታ፣ ከብት ሲገባ፣ ዘርፌ አፋፉ ላይ ወጥታ ትጠራኛለች።

“አሴ ሆ—ይ! ዛሬስ ደርቀህ ነቃህ?”

እኔ አልመልስም፤ ለእኔ እናቴ ትመልሳለች። “አጎዛው ፀሐይ ላይ ነው!”

ይኼን ጊዜ ገደሉ ሥር የሚያርም የማላውቀው ሰውዬ ሳቁን ይለቀዋል፣ ከሱ ወዲያ ደግሞ ሌላው። የተኛሁበትን የበግ ቆዳ ማርጠቤን ሁለት አጥቢያ ሕዝብ እያወቀ ነው ያደግሁት፤ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ምን ያሳፍረኛል?

ዘርፌ አረገዘች። በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ ቀኗ ሳይቃረብ ሄደው ያመጧታል። እናቴ የገንፎውን ገብስ ቆልታ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ መኝታዋን ከእሳቱ አጠገብ አሰናዳችና አባቴን ትጨቀጭቀው ጀመር። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ወንዙ ሳይሞላ ልጄን አምጣልኝ።

“ምን ያስቸኩልሻል?” ይላል አባቴ። “ስትስል የምሰማትን ልጅ ሐረር የዳርኳት አስመሰልሽው እኮ! ገብሱ ይታረም፣ ከዚያ አንድ ቀን ወርጄ አመጣታለሁ።”

እናቴም በየማታው ድምፅዋን ስለምትሰማ ጭቅጭቋን ትገታለች። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። ቆላ ወርዶ፣ አረርቲ ለሚኖር ሰው ድሯት ቢሆን ኖሮ ልጁን በጊዜ ያመጣት ነበር፤ የማያያት፣ የማይሰማት ስለሚሆን። እኛን ያሳተን መስማታችን ነው።

ዝናቡ በአንድ ሌሊት መጣ፣ ዕቃውን ይዞ ሊኖር እንደሚገባ ሰው። ጠዋት ከገደሉ ሥር የወንዙ ድምፅ ማጉረምረም መሆኑ ቀርቶ ድንጋይ የሚፈጭ ሆኗል። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ከሰዓት፣ ደምሴ ከማዶ ጮኸ።

“እናንተ ቤቶች ሆ—ይ! ዘርፌን ምጥ ያዛት! ድረሱ!”

አባቴ ጠፍር ትከሻው ላይ ጥሎ ጎረቤት አስከትሎ ወረደ። ከላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ እየተንሸራተተ፣ እየተነሣ፣ እያነሰ ሄዶ ወንዙ ዳር ደረሰና ቆመ። ውሃው ግንድ ይዞ ይሄዳል። ጠፍሩን ወገባቸው ላይ አስረው ሞከሩ፣ አንዱን ሊወስድባቸው ሲል ጎትተው አወጡት። ሌሎቹ ሲመለሱ አባቴ አልተመለሰም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወንዙን እንደሚያባብል ሰው ያየው ጀመር።

እናቴ አፋፉ ላይ ቆማ ልጇን በድምፅ ታዋልድ ጀመር።

“በጀርባዋ አታስተኟት! ወገቧን በሞቀ ቅቤ እሹላት!”

“እሺ! እያሸንላት ነው!” ይላሉ ከማዶ።

“ውሃው ፈሰሰ?”

“ፈሷል! ልጁ አልመጣም!”

በመሃል “ማርያም፣ ማርያም” የሚል የሴቶች ድምፅ ይመጣል፣ አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል። ሲመሽ እኔን አስገቡኝ፤ ሲነጋ ስወጣ እናቴ ጆንያ ተከናንባ እዚያው ቆማለች። ድምፅዋ መሻከር ጀምሯል። “እስቲ ራሷ ትጥራኝ!” አለች። “ድምፅዋን አሰሙኝ!” ብዙ ቆየ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ቀጠን ያለ አንድ ነገር መጣ፣ “እማ—” የሚል። በግ ይሁን እህቴ ትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞራ ሳቀች፣ “ሰማሃት?” አለችኝ። ሰምቻታለሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማዶ ዝም አለ።

ዝምታው ከእህቴ ቤት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አገሩ በሙሉ ዝም አለ። ውሻ አይጮኽም፣ ከብት የሚጠራ የለም፣ እንጨት የሚፈልጥ የለም። ጉሙ ደግሞ ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶት ምንም አይታይም። እናቴ ደምሴን ጠራች፣ የዘርፌን አማት ጠራች፣ የማዶን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ጠራች፤ የሚመልስላት ገደሉ ብቻ ነው፣ የራሷኑ ድምፅ። አባቴ ጭቃ ለብሶ ከወንዙ ሲመለስ እዚያው አገኛት።

“ግቢ እንግዲህ” አላት። “ጉሙ ነው ድምፁን የሚውጠው።”

“ጉም ድምፅ ያቀርባል እንጂ መቼ ይውጣል?” አለችው። ይኼን እሱም ያውቃል።

ነገሩ የገባኝ አድጌ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በጩኸት አይላክም። እናት የልጇን ሞት ከገደል ማዶ አትሰማም፤ የንስሐ አባት ቀድመው፣ ሽማግሌ ተከትሎ፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆመው፣ የሚደግፋት ሰው ከጎኗ አቁመው ነው የሚነግሯት። ወንዙ ደግሞ ሰው አያሳልፍም። ያለቀሱ እንደሆነ ትሰማለች፤ ስለዚህ የማዶ ሰው ዘርፌንና አብሯት የሞተውን ሕፃን ያለ ለቅሶ ቀበራቸው። አልቃሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ደረት ሳይመታ፣ ውሻው ቤት ተዘግቶበት፣ የመንደሩ ልጆችም እንዳይጮኹ አፋቸው ተይዞ። እናቴ በዚህ ስትጣራ እነሱ በዚያ ጉድጓድ ይምሱ ነበር፣ እየሰሟት። ለማንም ለቅሶ የማይቆጥብ አገር ለእናቴ ብሎ እንባውን ዋጠ። ደግነት ነበር፤ ከዚያ የከፋ ደግነት ግን በሕይወቴ አላየሁም።

ወንዙ ሲጎድል፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ መጡ። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ደምሴ ከኋላ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ። እናቴን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሷት መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

“እመት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ…” ብለው ጀመሩ ቄሱ።

እናቴ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ቀረብ ብላ በሹክሹክታ፣ “አገር ሙሉ አፉን የያዘለት ምን እንደሆነ የሚጠፋኝ መስሏችሁ ነው?” አለቻቸው። ደምሴ መሬት ላይ ወደቀ። ለቅሶው ያን ጊዜ ከማዶም ከወዲህም አንድ ላይ ተነሣ፤ ከእናቴ በቀር ሁሉም ጮኸ።

አባቴ በዚያው ዓመት በገደሉ በኩል ያለውን በር በድንጋይ ደፍኖ በወዲያኛው ወገን ሌላ በር አወጣ። ወደ ማዶ ሲያይ አላየሁትም። የእናቴ ጉሮሮ ግን ገብስም ቅቤም ጠበልም አልመለሰው፤ ከዚያ ሹክሹክታ በላይ አንድም ቀን አልወጣትም። ሌሎች ልጆች ለእራት በስማቸው ሲጠሩ እኔ በቆርቆሮ እጠራ ነበር፤ እናቴ ደጅ ወጥታ በእንጨት ትመታዋለች፣ ጓደኞቼም “ያቺ ቆርቆሮ እናትህ ጠራችህ” ይሉኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መሳቅ የለመድኩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ በዚያ በኩል መንገድ ወጥቷል፣ ስልክም ይሠራል። ባለፈው ዓመት ቤዛን ይዤ ሄጄ አፋፉ ላይ ቆምኩ፤ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል፣ ሰው ይታያል፣ የሚጠራ ግን የለም። ልጠራ እጄን አፌ ላይ ከደንኩና ማንን እንደምጠራ ሳላውቅ ሳል ያዘኝ። “አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል” ብላ ጎትታ ወሰደችኝ።

ለመምህርነት ትምህርት ከአንኮበር የወጣሁ ዕለት፣ መንገዱ ኮረብታውን ሲጠመዘዝ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ቆርቆሮዋን አልያዘችም ነበር። ሁለት እጇን አፏ ላይ ከድና ወደ እኔ ዞራ ቆማለች፣ እንደ ድሮው፣ ነፋሱ እስኪያርፍ ጠብቃ። ትከሻዋ ከፍ ሲል፣ አንገቷ ሲወጠር አየሁ። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም፤ እኔም ከዚያ ሆኜ፣ የምችለውን ያህል ጮኼ፣ “እሺ!” አልኳት።