ይሉኝታ የማያውቅ በር

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ... ደብረ ማርቆስ እህል መደብሬ ውስጥ ከአምበር የመጣ ጤፍ እያስመዘንኩ ስልኬ ጠራ። ልጄ ሰሚራ ነበረች፤ ከጀርመን።

ሰሚራ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ የጀርመን ትምህርት ቤት ጋብዟቸው ከስድስት የክፍል ጓደኞቿና ከአንድ መምህር ጋር ከሄደች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ከሰባቱ ልጆች አንዳቸውም ከዚያ በፊት አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። እኔም ብሆን ከአዲስ አበባ አላለፍኩም።

«አባባ፣ አይደንግጡ» አለች።

ሰው «አይደንግጡ» ካለ የሚያስደነግጥ ነገር አለ ማለት ነው። ሚዛኑን አስቁሜ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ባቡር ጣቢያ ቆመዋል። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። እንደ ወጉ መምህር ጌታቸውን አስቀደሙ። ጡረታቸው የደረሰ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው በፊት የሚገባ ልጅ እኛ ዘንድ የለም። እሳቸው ከገቡ በኋላ ግን ልጆቹ በሩ ላይ «አንቺ ግቢ»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም»፣ «በሞቴ»፣ «ወላሂ አልቀድምም» መባባል ጀመሩ። ቀድሞ መግባት ለሁሉም ነውር ሆነባቸው።

እዚያ አገር ደግሞ «ሞላ?» ብሎ የሚጠይቅ ረዳት የለም። በሩ ራሱን ዘጋ። መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን እያወራጩ ብቻቸውን ሄዱ...

የሰባቱም ፓስፖርት ያለው እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆች ዕቃ ይጥላሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን» ብዬ ተጨብጭቦልኝ ነበር። የመምህሩ ስልክ ዋይፋይ ከሌለ አይሠራም። ሰሚራም የደወለችው በጣቢያው ዋይፋይ ነው።

እኔ ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። እህል ያስጫንኩበት መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆመ ሲሉኝ ምሳዬን ጨርሼ ነው የተነሳሁት። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ።

«የሚቀጥለው ባቡር መቼ ነው?» አልኳት።

«ከአሥር ደቂቃ በኋላ።»

«በሉ ተሳፍራችሁ ተከተሏቸው። ቶሎ በሉ።»

«አባባ፣ ቁይ ገበያ ላይ ያሉኝን ረሱት?»

ስድስት ዓመቷ ሳለ ቁይ ገበያ ይዣት ሄጄ ጠፍታኝ ነበር። እኔ እሷን ስፈልግ፣ እሷ እኔን ስትፈልግ፣ በርበሬ ተራን ስንዞረው ዋልን። ያገኘኋት ደክሟት ከአንድ ጆንያ ጥግ ስትቀመጥ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ «ከእንግዲህ ከጠፋሽ ባለሽበት ቁሚ፤ ፈላጊ አንድ ይበቃል» አልኳት። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ይዛው ጀርመን ድረስ ሄዳለች።

«መምህር በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ይመለሳሉ» አለች። «እኛም ከተነሳን መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ከልጆቹ ሀብታሙ ነው ካልሄድኩ ብሎ ያስቸገረኝ።»

«አሁን የት ነው?»

«እዚሁ ነው። ሻንጣው ላይ ተቀምጬበታለሁ።»

ለካ የደወለችው ምክር ፈልጋ አልነበረም። ሀብታሙ ለእናቱ ደውሎ አልቅሷል፤ እናቱ ወደ እኔ መምጣታቸው አይቀርምና እንዳረጋጋቸው ልትነግረኝ ነው። እውነትም ስልኩን ሳልዘጋ እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ከመደብሬ ፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣሉ።

«ልጄ በሰው አገር ሜዳ ላይ ቀረ» አሉ።

«ሜዳ ላይ አይደለም። ልጄ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለታለች» አልኳቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ተቀመጡ። እነሱ እዚያ ሻንጣ ላይ፣ እኛ እዚህ ጆንያ ላይ ሆነን ጠበቅን። ገበያተኛ መጥቶ የጤፍ ዋጋ ጠየቀኝና የስንዴውን ነገርኩት።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል በቴሌግራም ፎቶ መጣ። መምህር ጌታቸው መሀል ቆመዋል፤ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈውታል። እትዬ ብርቱካን ስልኬን ተቀብለው የልጃቸውን ፊት በጣታቸው አጎሉት። «ከስቷል» አሉና ስቀው ወደ ሱቃቸው ተሻገሩ።

የቀረውን ማታ ነገረችኝ። አንዲት የጣቢያ ሠራተኛ ችግራቸውን ሰምታ፣ የሚመለሰው ባቡር የሚገባበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው። በዚያችው ደቂቃ ገባ። ይህን በጣም አደነቅሁ። ለሹምም ለሽማግሌም የማይቆይ ባቡር፣ ለሰባት የጎጃም ልጆችም ቃሉን አላጠፈም።

እንደገና ሲሳፈሩ ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። መምህሩን መጨረሻ አደረገቻቸው። እሳቸውም አንድ እግራቸውን በሩ ላይ ተክለው «መቀዳደሙን ማርቆስ ስንደርስ እንቀጥላለን» አሉ አሉ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሰች። ከመናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸክሜ ቤት ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ይቅደሙ።»

«የዛሬ እንግዳ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ግቢ።»

«ወላሂ አልገባም።»

ሁለታችንም በሰበስን። እናቷ ከውስጥ «ምን ሆናችሁ ነው የምትቆሙት?» ትላለች። ጀርመንን ያህል አገር አይታ የመጣች ልጅ፣ ከአባቷ ቀድማ ደጃፍ አልረግጥም ብላ ቆማለች... ልቤ ሞላ፤ ቀድሜ ገባሁ።

ደግነቱ የእኛ በር ራሱን አይዘጋም።