ሰንሰለት ያልያዙ ሽማግሎች

መኪናዬን ከራሴ አስበልጬ እወዳት ነበር ብል ባለቤቴ ትመሰክርልኛለች። አሮጌ ናት፤ ግን ኦል ዊል ድራይቭ ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ እኩል ይጎትታሉ። ግሮቭፖርት በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች በረዶ በጣለ ቁጥር መንገድ ዳር ተተክለው ሲቀሩ፣ እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ እጄን እያውለበለብኩ ነበር የማልፋቸው። መጀመሪያ «ይቺ መኪና ዳገት አታውቅም» እል ነበር። ትንሽ ቆይቼ «ግድግዳ ትወጣለች» አልኩ። ሰው ዝም ሲለኝ ጣሪያ ላይ ተገልብጣ እንደምትሄድ ማውራት ጀመርኩ። ማንም አላመነኝም። እኔ ግን አመንኩ።

የኮቪድ ሁለተኛው ዊንተር ሊያልቅ ሲል የእህቴ ልጅ ሽማግሌ ሁኑልኝ አለ። የወደዳት ልጅ እዚሁ በስደት ከተማችን ኮሎምበስ የተወለደች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። «ዳድ ካልመረቀን አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ችግሩ ዳድ ነው። ከዚህ በፊት ለታላቅ እህቷ ሽማግሎች ሲሄዱ፣ «ከዘመድ ልምከርበትና የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። ሲመለሱ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመረላቸው። ያ ሁለት ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ጠያቂው ልጅ ግን ሌላ አግብቶ የልጆች አባት ሆኗል። በከተማው ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ሰው አፍ «ሁለት ሳምንት» ከወጣ፣ እንቢ ማለት ነው።

«አጎቴ» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ «እባክህ እዚያ ቤት አትቀልድ። የምለምንህ ይሄን ብቻ ነው።»

ሦስት ሆነን ሄድን። አንደኛው የሁላችንም ታላቅ የሆኑት ጋሼ ናቸው፤ አገር ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጭነት መኪና በክረምት ጭቃ ውስጥ ሲነዱ ነው። ሁለተኛው መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩት ሐጂ ናቸው፤ ምላሳቸው ማር ስለሆነ ተናጋሪያችን እሳቸው ሆኑ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩት ለመኪናዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐጂን ይዤ ጋሼን ላነሣ ሰፈራቸው ፍራንክሊንተን ስደርስ፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«ሰንሰለት ይዘሃል?»

«የምን ሰንሰለት፣ ጋሼ? ልጅ ልንጠይቅ ነው እንጂ ሌባ ልናስር ነው እንዴ?»

«የጎማ ነው የምልህ። ሰማዩን እየው እስቲ!»

ሰማዩ ያልታጠበ ድስት መስሏል። «ይቺ እኮ ኦል ዊል ናት» አልኳቸው። «ሰንሰለት ላድርግልሽ ብላት ተቀይማኝ ቤቷ ትገባለች።»

«መሄዱንስ ትሂድ። መቆሙን ማን ነገረህ?»

«ቆማ ነው የወሰደችዎት እንዴ ባለፈው?»

«እኛ ለጭቃ እንኳ ሰንሰለት ሳንይዝ ከቤት አንወጣም ነበር» አሉና ገቡ። ሐጂ ከኋላ ወንበር «አላህ በሰላም ያድርሰን» አሉ። እኔን ያላመኑኝ መሰለኝና ትንሽ ከፋኝ።

የልጅቷ ቤተሰቦች ሰፈር አፐር አርሊንግተን ስንደርስ ቀጭን ዝናብ እየወረደ መንገዱ ላይ ይረጋል፤ በላዩ በረዶው ጀምሯል። የሰውየው ቤት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ድራይቭ ዌዩ ቁልቁል እንደ ልጆች መንሸራተቻ ወርዶ ጋራዡ በር ላይ ያልቃል። ቀስ ብዬ አወረድኳትና በሩ አጠገብ እንደ ላባ አሳረፍኳት። «አያችሁ?» አልኩ። ጋሼ ወደ ላይ፣ ወደመጣንበት፣ አዩ።

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ጥቁር ካፖርት፣ ሦስት ጥቁር ማስክ፤ ተደርድረን ወደ በሩ ስንሄድ፣ ውሻዋን የምታናፍስ ጎረቤት ቆማ አየችን። ውሻዋን አቅፋ ነው የሄደችው።

ሰውየውና ባለቤቱ በክርን ሰላም አሉን። «ተቀመጡ» ተባልን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን፤ ወጉ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳምቡሳ ተከምሯል፤ ትኩስ ነው፤ ሽታው ማስክ ሰብሮ ይገባል። እሱም ቢሆን መልስ ሳይሰጥ አይነካም። ሐጂ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ የራሴን ሚስት ድጋሚ ልጠይቃት ሁሉ አማረኝ። የልጁን ጨዋነት፣ የቤተሰቡን ክብር፣ የሁለቱን መፋቀር ሰካክተው ሲጨርሱ፣ የልጅቷ እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ አንድም ቀልድ አልወጣኝም፤ ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «አክብራችሁ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ከዘመድ ልምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ማስኩ ጆሮዬን ጎትቶ አጣሞት እንደሆነ ብዬ ሐጂን አየኋቸው። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። በደንብ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ያን ሁሉ ማር አፍስሰን ሁለት ሳምንት! ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። የእህቴ ልጅ ነው፤ «እሺ አሉ?» ይላል። መልሼ ከተትኩት።

ጎንበስ ብለን ወጣን። ሳምቡሳው ከኋላችን ቀረ።

መኪናዋ ውስጥ ገባን። ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ዳገቱን ጀመረች። ሩቡን ወጣች፤ ግማሹን ወጣች። ቢያንስ በእሷ ልጽናና ብዬ «ያውላችሁ! የታለ ሰንሰለቱ?» ከማለቴ ቆመች። ፍሬን ረገጥኩ። ከዚያ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች።

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ድንጋጤ ደንግጬ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ከሁሉም ይለያል፤ ምክንያቱም ቀርፋፋ ነው። አራቱም ጎማ ቆመዋል፤ አይዞሩም። መኪናዋ ግን ትሄዳለች። እግሬ ፍሬኑን ወለሉ ድረስ ሰፍቶታል፤ እሷ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታፍር ትወርዳለች። የጋራዡ በር ከፊቴ እያደገ፣ እያደገ፣ መስታወቱን ሞላው። ጸሎት ልጀምር ብዬ አንድም ጸሎት ጠፋኝ። ሐጂ በአረብኛ ጀምረዋል፤ እኔም «አሚን» አልኩ።

ጓ!

ድምፁ ሲንሲናቲ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የበሩ ታችኛው ክፍል እንደ ተረገጠ ጣሳ ገባ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሽምግልና ሄዶ የልጅቷን አባት ቤት የገጨ ሰው በታሪክ አለ እንዴ? የእህቴ ልጅ አትቀልድ ነበር ያለኝ፤ አትግጭ ማለቱን ማን ያስበዋል!

ጋሼ ቀበቷቸውን ፈቱ። «ቆመች» አሉ።

ሰውየው በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተ ወጣ። ባለቤቱ ከኋላው፣ ልጅቷ ደግሞ መስኮት ላይ ስልኳን ይዛ፤ እየቀረጸችን ነው። «ኦ ማይ ጋድ! ዳድ፣ አር ዘይ ኦኬ?» ትላለች። እኔ ወርጄ የማወራው ጠፋኝ። እኔ! በሰው ቀብር ላይ እንኳ የሚወራ አጥቼ የማላውቀው።

ሰውየው በሩን አላየም። ጎንበስ ብሎ ጎማዬን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ሰንሰለት አልያዛችሁም?»

«ኦል… ኦል ዊል ናት» አልኩ።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ወደ ባለቤቱ ዞረ፦ «ሰማሽ? ሰማሽ የሚለውን? ኦል ዊል ናት ይላል!»

«አሁን ደግሞ ጀመረህ» አለችው።

«እንዴት አልጀምር! ስንት ዓመት ነው በእኔ የሳቅሽው?» ብሎ በጓዳ በኩል ሮጦ ጋራዡ ገባ።

ባለቤቱ ናት የነገረችን። ይቺን የኔን የመሰለች መኪና እሱም አለችው፤ መኪናዋን ሲገዛ አብሮ የገዛው የጎማ ሰንሰለት ግን አንድ ቀን እንኳ ከሣጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ኮሎምበስ ውስጥ ለኦል ዊል ሰንሰለት የገዛ ሰው አንተ ብቻ ነህ እያለች ትስቅበታለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ታወራዋለች። ጋራዡ በተጸዳ ቁጥር ልትጥለው ታወጣለች፤ እሱ መልሶ ያስገባል።

ሣጥኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ላስቲኩ አልተቀደደም። ጋሼ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ አንዱ ባለ ካፖርት፣ አንዱ በነጠላ ጫማ፣ በረዶ ላይ ተንበርክከው ይከራከራሉ።

«የኋላው ላይ ነው የሚገባው» ይላሉ ጋሼ።

«የለም፣ ጋሼ፣ የዚች የፊተኛው ነው። ማኑዋሉን አንብቤዋለሁ።»

«በኔ ጊዜ ማኑዋል አልነበረም፤ መኪናው ግን ይወጣ ነበር።»

«የእርስዎ ጭነት መኪና ነው። የዚች ኋላ ላይ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ይኸው፣ እጅዎን ያስገቡ።»

ጋሼ እጃቸውን አስገብተው አዩ። «እውነትህን ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቡድን ሆኑ። አንዱ ይስባል፣ ሌላው ይቆልፋል። ሐጂ የእጅ ባትሪ ያበራሉ፤ ገና ብርሃን ቢሆንም። እኔን ማንም ምንም አላዘዘኝም። ሲጨርሱ ሰውየው ከባለቤቱ ፊት አቆመኝ።

«እስቲ ንገራት። ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?»

«እትዬ» አልኳት፣ «ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ታስሬበት መዋል ነበረብኝ።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ እንደ ንጉሥ ደረቱን ነፍቶ ነው የቆመው።

ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ሰንሰለቱ በረዶውን እየነከሰ፣ እየተንቋቋ፣ መኪናዋን ጎትቶ መንገዱ ላይ አወጣት። ሰውየው አብሮን ዳገቱን በሣሩ በኩል ወጥቶ መስኮቴን አንኳኳ። የበሩን ጉዳይ ሊያነሣ ነው ብዬ እንደገና ደነገጥኩ።

«የተጠረገው ዋና መንገድ ላይ ስትደርሱ ፍቱት» አለ። «ባዶ አስፋልት ላይ ከነዳችሁበት ይበጣጠሳል። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ራሴ አምጥቼ…»

«አንተ አይደለህም። ልጁ ያምጣው።»

«የቱ ልጅ?» አልኩ።

ጋሼ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ። በእኛ ወግ እሺ ሳይባል ጠያቂው ልጅ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም። ይሄን ከእኔ በስተቀር መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ አስታውሶታል። ሐጂ ከኋላ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ።

«መቼ ያምጣው?» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ረጋ ብሏል።

«ነገ። ከምሳ በፊት። እናንተም አብራችሁት፤ ሳምቡሳውን አልነካችሁትም» አለና፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «በእሱ መኪና ኑ» አለ።

የመንገዱ ጫፍ ላይ ስንደርስ የእህቴ ልጅ ደወለ። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«አጎቴ፣ ምን አሉ? ሁለት ሳምንት አሉ አይደል?»

«ብለው ነበር። ከዚያ ጋራዣቸውን ገጨሁት። ነገ ከምሳ በፊት ሰንሰለት ይዘህ ና ተብለሃል።»

የሚያለቅስ በሚመስል ድምፅ፣ «አትቀልድ ብዬህ አልነበር? አንድ ነገር ነው የለመንኩህ» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳጋንን ኖሬ፣ ቃል ሳልጨምር በተናገርኩበት ቀን የሚያምነኝ ጠፋ። ጋሼ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እውነቱን ነው። ገጭቷል። አንተም ነገ ትሄዳለህ።»

«ታዲያ ያ የሚንቋቋው ድምፅ ምንድን ነው?»

«እሱ ነው» አሉ ጋሼ። «ሰንሰለቱ ነው።»