አያ እንድሪስ የጠራው ቀብር

ባለፈው ሰሞን ደሴ፣ ሆጤ፣ ልጄ ቤት በር ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩ ልጆች በኳስ አሸንፈው ነው መሰለኝ ከታች መንገድ የላስቲክ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። እኔም ነገሩን ሳላጣራ ብድግ አልሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ የግራ ጫማዬን በቀኝ እግሬ አጥልቄ፣ በአጥሩ ብቅ አልሁና ማን እንደሞተ ጠየቅሁ። ልብስ ስታሰጣ የነበረችው የልጄ ሚስት ፊቷን አንሶላው ውስጥ ደብቃ ሳቀች። «ኳስ ነው እማማ፤ የሞተ የለም» አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ ልቤ ግን ኮምቦልቻ ወርዶ ቀረ። በልጅነቴ እኛ ሰፈር ጥሩምባ ሰምቶ ቁጭ ማለት ነውር ነበር። ነፊው ደግሞ አያ እንድሪስ ነበር።

አያ እንድሪስ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። የላምባ ቆርቆሮ ቆርጦ ኩራዝ ይሠራል፣ የተቀደደ ፋኖስ ይበይዳል። ቤቱ የላምባና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አለው፤ እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር፤ አሁንም ላምባ ስሸት እሱን አያለሁ። አንገቱ ረጅም፣ ሽርጡ አጭር፤ እሱ ሳይታይ የበረባሶ ጫማው ጥፍ ጥፍ ማለት ይቀድመዋል። ሲያወራ ግን ድምፁ አይሰማም። ጆሮህን አፉ ላይ ካልደቀንህ «መርሃባ» ይበልህ «ሂድልኝ» ይበልህ አታውቅም። እማየ «ድምፁን ለሬሳ አስቀምጦት ነው» ትል ነበር። የቅሬያችን ለፋፊ ነዋ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፣ የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸከማል። ሰው ሲሞት አያ እንድሪስ ራሱ ከቆርቆሮ የቀጠቀጣትን ጥሩምባ ይዞ ጉብታው ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ያ ሹክሹክታው የት እንደሚገባ እንጃ፣ ቦርከና ወንዝ ማዶ ይሰማል። ጥሩምባው ከተነፋ ወንዱ ዶማና አካፋ፣ ሴቷ ንፍሮ ይዛ መውጣት ነው። የቀረ ይወቀሳል። በሐሰት የጠራ ለፋፊ ግን ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፣ ሲሞትም ሬሳውን የሚያነሣ የለም። ከዚህ የባሰ ምን አለ።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ያኔ እንደዛሬው ፋብሪካ በፋብሪካ አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ንዳድ፣ ያሁኑ ወባ፣ ይገባል። የደሴ ሰው ገበያ ቢወርድ እንኳ ትንኟ ሥራ ሳትጀምር ብሎ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ሽቅብ ይሸሻል። የደሴዋ አክስቴ አንድ ጊዜ መሽቶባት እኛ ዘንድ አድራ፣ በዚያ ሙቀት እስከ አፍንጫዋ ቡሉኮ ተከናንባ፣ ሲነጋ በላብ የታጠበች ሆና ተነሣችና «አገራችሁ ሰው ይቀቅላል» ብላ ሄደች። ንዳድን የሚያመጣው የበቆሎ እሸት ነው ስለሚባል እኛን ልጆችን እሸት ይከለክሉናል። ትንኟም እየነከሰችን፣ እሸቱም እያማረን እንከርማለን።

ደግሞ ከወፍጮው በታች የጭቃ ጉድጓድ ነበረን። እግዜርም አላህም የሠራው አይደለም፣ እኛው ነን። ዓረፋ ሲደርስ፣ መስቀል ሲደርስ እናቶቻችን ቤታቸውን የሚመርጉበትን ጭቃ ከዚያው ይቆፍራሉ፤ በየዓመቱ ሲቆፈር ሲቆፈር ሰፍቶ ኩሬ ሆነ። ክረምት ይሞላል፣ እስከ ኅዳር አይደርቅም። አያ ተሰማ የሚባለው ነጋዴ አህዮቹን ያጠጣበታል፣ ሴቶቹ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ሰው ያማሉ፣ እኛ እንቁራሪት እናሳድዳለን። ሁሉም ይወደዋል።

አያ እንድሪስ ብቻ ይጠላዋል። አንድ መስከረም ለሰፈሩ ሕፃናት ጥሩምባ ሲነፋ ነው የከረመው። ለሕፃን ሲሆን አጭር ነው የሚነፋው፤ ለታናሽ ወንድሜ ለሰይድም ነፍቶ፣ ወርዶ ደጃችን ከእማየ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር የዋለው። በዓመቱ ደግሞ አንዲት ልጁን፣ የእኔን ባልንጀራ ከዲጃን፣ ንዳድ ጣላት። ኪኒኑን በግድ እየዋጠች ተረፈች። ግን አጥንቷ ቀረ፤ ድጋሚ ቢይዛት እንደማትችለው እሷን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አያ እንድሪስም ያውቃል። ለእሷ መንፋቱን እየፈራ ጥሩምባዋን ከግድግዳ አውርዶ ከአልጋ ሥር ከተታት።

በየቤቱ ግድግዳ ላይ የትንኝ መድኃኒት የሚነፉ ሰዎች አንድ ቀን የተበሳ መንፊያቸውን ሊያስበይዱ መጥተው፣ ትንኝ ከቆመ ውሃ እንደምትፈለፈል ነግረውት ነበር። እሱም ይህንን ይዞ ቅሬው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ኩሬው ይደፈን እያለ ይለምናል። አይሰሙትም። ንቀት አይደለም፤ ድምፁ ነው የማይሰማው። የሰማውም «አረሙ ይለቅ» ይላል፤ አረሙ ሲለቅ «አጨዳው ይለፍ» ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ ብልሃት አመጣ። ከኩሬው ውሃ በጣሳ ቀድቶ፣ ውስጡ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ የትንኝ ትሎች እየታዩ፣ የቅሬው ዳኛ አባ ይማም ፊት አስቀመጠው። አይተው ይፈርዳሉ ብሎ ነው። አባ ይማም ስለ ድንኳን ማጠብ ረጅም ንግግር ላይ ነበሩ፤ ጉሮሯቸው ደረቀ፤ ጣሳውን አንሥተው ጭልጥ አደረጉት። አያ እንድሪስ በስብሰባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«አባ፣ ምስክሬን ጠጡብኝ» አለ።

ምን እንደጠጡ ሲነገራቸው አባ ይማም እቤታቸው ገብተው ተኙ። ሆዴ ውስጥ ክንፍ እያወጡ ነው አሉ። ጆሯቸውን ትራስ ላይ ሲያደርጉ ጥዝዝ ሲሉ ይሰሟቸዋል። ፌጦ ተበጠበጠላቸው፣ ዱኣ ተደረገላቸው፤ እሳቸው እቴ፣ ኑዛዜ ጀመሩ። ሰፈሩም ዛሬ ነገ እያለ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

በዚህ መሀል ነው ጠዋት ላይ ጥሩምባው የተነፋ። ረጅም፣ የትልቅ ሰው። ከጉብታው ላይ የአያ እንድሪስ ድምፅ ወረደ፦ «ቀብር አለ፤ ዶማ ያለህ ዶማ፣ አካፋ ያለህ አካፋ፣ ከወፍጮው በታች ውጡ» እያለ። የሟች ስም አልጠራም። ማን ይጠይቀዋል፣ ሁሉም በልቡ ስሙን ያውቀዋል።

መንደሩ ሬሳውን ሊያነሣ ተነቅሎ አባ ይማም ደጅ ደረሰ። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ተሸክመዋል፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ነው። እማየ ሙሾ አውራጅ ነበረችና ጀመረች፤ የተራበ የሚያበሉ፣ የታረዘ የሚያለብሱ፣ በራቸው የማይዘጋ እያለች። ኧረ አባ ይማም በሕይወታቸው አንድ ራስ ሽንኩርት አበድረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሌሎቹም ተቀበሏት። ለካ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይሰማሉ። ወዲያው ብቅ ማለት ሲገባቸው፣ ባለቤታቸው ኋላ እንደነገረችን፣ እጃቸውን ወደ እሷ እያርገበገቡ «ቆይ፣ ትጨርስ» አሉ አሉ። እስኪበቃቸው ከሰሙ በኋላ ነው ቡሉኳቸውን ተከናንበው፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የወጡት።

«ማን ሞተብን?» አሉ።

ወዮ ነው። ሴቱ ንፍሮውን እየበተነ ሸሸ፣ ቃሬዛው ከነጎረምሶቹ አጥር ውስጥ ገባ። እማየ ብቻ አልሮጠችም፤ እዚያው ቁጭ ብላ «አባ፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው» አለቻቸው።

ሰው ከድንጋጤው ሲመለስ ንዴቱ መጣ። ተያይዞ ወደ ወፍጮው ወረደ። አያ እንድሪስ ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ፣ ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ፣ ወደ ቦርከና የሚወርድ ቦይ ብቻውን እየቆፈረ ነው። ከዲጃ ዳገቱ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። እኔም አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«እንድሪስ፣ ሬሳው የታለ?» አሉ አባ ይማም።

«ይኸው፣ ቆሜበታለሁ» አለ አያ እንድሪስ። እንደልማዱ በሹክሹክታ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ተሰማ። «አምና ልጆቻችንን የቀበርን በዚህ ምክንያት ነው። ዘንድሮ እሱን እንቅበረው። ለስብሰባ ስጠራችሁ አረም ትላላችሁ፤ ለቀብር ስጠራችሁ የቀረ የለም። ከቅሬ ካወጣችሁኝም አውጡኝ። ለከዲጃ ግን ወላሂ አልነፋም።»

እማየ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ውሃውን ታያለች። ከዚያ አያ ተሰማ ሕግ ሕግ ነው፣ በሐሰት ጠርቷልና ይውጣ አለ። የአህዮቹ ነገር ነው። ሌሎችም አጉረመረሙ። ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረ።

አባ ይማም ውሃውን አዩት። ሆዳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ዶማ ይዞ የወጣ ቅሬ ሳይቆፍር ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ባዶውን የተመለሰ ዶማ ሰው ይፈልጋል፤ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እኔን ነው። እነዚህን ከሆዴ ባላወጣቸውም ዘመዶቻቸውን እቀብራለሁ። አንተ ግን እንድሪስ ስማ፤ ውሃው በከርሞው ተመልሶ ከተኛ ሟቹ አልሞተም ማለት ነው። ያን ጊዜ በሐሰት ጠርተሃልና ትወጣለህ።»

እንዲህ ተፈርዶ ሥራው ተጀመረ። ወንዱ ቦዩን ቆፈረ፣ እኛ ጠጠር ለቀምን። ቃሬዛው ባዶውን እንዳይመለስ ድንጋይ ተጫነበትና ጎረምሶቹ «ላኢላሀ ኢለላህ» እያሉ በወግ በወጉ ተሸክመው አወረዱት። የአያ ተሰማ አህዮች የሚጠጡትን ውሃ ለመድፈን አፈር ተጭነው ሲመላለሱ አያ ተሰማ ዓይኑን አዙሮ ቆመ። ከአሱር ሶላት በኋላ ውሃው ተንጠፍጥፎ ወደ ወንዙ ሄደ፤ እንቁራሪቶቹም እንደ ሐዘንተኛ ተሰልፈው ተከተሉት። ሰው ደክሞት የተረፈውን ንፍሮ እየቃመ ሲቀመጥ አንዱ ሽማግሌ በልማድ «አላህ ያጽናችሁ» አለ። ያን ጊዜ ነው የተሳቀው። እማየ ሰይድ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ለታ ነው።

ከዚያ ወዲያ አያ እንድሪስ ዕድሜ ልኩን የዚያ ጉድጓድ ዘበኛ ሆነ። ሴቶቹ የምርጊት ጭቃ ውሃ ከማይተኛበት ዳገት እንዲቆፍሩ ለመናቸው፤ እሺ አሉት። ክረምት አፈሩን እያጠበ ጉድጓዱን ይከፍተዋል፤ መስከረም ሲጠባ እሱ ይነፋል፣ ቅሬው ይወጣል፣ ኩሬው ይቀበራል። ወዲያ ማዶ ያለው ቅሬም የራሱን ረግረግ መቅበር ጀመረ። ወባ ጠፋ አልልም፤ ዛሬም አለ። ያ አጭሩ ጥሩምባ ግን እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አባ ይማምም ትል ሳይገድላቸው ሸምግለው ነው የሞቱት፤ እማየ ያንኑ ሙሾ ደገመችላቸው።

እኔ አግብቼ ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ አንድ መስከረም ጥሩምባው ተነፋ። ያው ቀኑ ደርሶ ነው ብለን ቅርጫታችንን፣ ዶማችንን ይዘን፣ እየተቀላለድን ከወፍጮው በታች ወረድን። ቦዩ ተጠርጓል፣ መሬቱ ደርቋል፣ እሱ ግን የለም። ቆምን። ቀና ስንል ጉብታው ላይ ጥሩምባዋን የያዘችው ከዲጃ ናት። ሴት ልጅ ጥሩምባ ስትነፋ የዚያን ቀን አየን። እንደያዝነው ዶማ፣ ከነጭቃ እግራችን፣ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሄድን። ከቅሬው የቀረ አልነበረም።

አሁን ጉድጓዱ አካባቢ የሚከራዩ ክፍሎች ተሠርተዋል። ከገጠሩም ከሌላም አገር የመጡ የፋብሪካ ልጆች ይኖሩበታል። መስከረም ሲጠባ ጥሩምባ ይሰሙና፣ ደግ ልጆች ናቸው፣ ፈረቃቸውን ለውጠው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይመጣሉ። ከዲጃ ማን እንደሞተ አትነግራቸውም፤ መጀመሪያ አካፋ ታስጨብጣቸዋለች።

እኔ ጉልበቴ ስለማይወርድልኝ ከሆጤ እደውልላታለሁ። ዘንድሮም ደወልሁ።

«ተቀበረ?» አልኋት።

«ተቀብሯል፣ አብሽሪ» አለችኝ፤ አካፋው ሲፋጭና ሰው ሲሳሳቅ ከኋላዋ ይሰማል።

«አላህ አይዘንለት» አልሁና ዘጋሁ።