ለእትዬ ድምፅ የመረጥኩት ማይክ

ስቱዲዮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሰላ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ድምፅ እንዳታስተጋባ ብዬ ከኢተያ ያስመጣሁትን የስንዴ ገለባ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ ግድግዳው ላይ ደረደርኩት። አይጥ ገባበት። ዘፋኝ ልቀዳ ስል መጀመሪያ አይጧን በመጥረጊያ አባርራለሁ። ይሄን ይዤ ሰው "ስቱዲዮ ከፈተ" ይለኛል። ደክሞኛል፣ እውነቱን ልናገር።

አቅሜ በዓመት አንድ ዕቃ ነው፤ አንድ ብቻ። ያቺን አንዷን መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ሆነብኝ። ማይኩን ልቀይር ወይስ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ሳውንድ ካርድ? ወይስ ሁሉንም ትቼ ኮርኒስ ላሠራ? ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ዘፈን የራሴም ሐሳብ አይሰማኝም። አዳማ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ "ካርዱን ቀይር" ይለኛል። ስልኬ ላይ የማያቸው ሰዎች ሁለት ማይክ ጎን ለጎን አቁመው ያወዳድራሉ፤ እኔም ልዩነቱን ልሰማ ዓይኔን ጨፍኜ እደጋግማለሁ። ባለቤቴ "እኔን ስትመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በዚያው ዓመት የታላቅ እህቴ እንቅርት እየገፋ መጥቶ ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት። በሰፈራችን ሰርግ ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት፤ እሷ ካላወጣች ተቀባዩ ሁሉ አፉ ይተሳሰራል። እኔ መቅዳት የፈለግኩት ግን የሰርጉን አልነበረም። ሳለቅስ ልታባብለኝ ራሷ የፈጠረቻት ዜማ አለች፤ ግማሿ በአማርኛ፣ ግማሿ በኦሮምኛ። ከእሷ በቀር የሚያውቃት የለም። ሀኪሙ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ሲልካት፣ ድምፅዋ ሊቀየር እንደሚችል ፊት ለፊት ነገረን። ለቀጠሮው ሁለት ወር ነበረን።

ሁለት ወር! ስንት ጊዜ ልቀዳት እችል ነበር። አሮጌው ማይክ ግን ሽ... የሚል ነገር ነበረበት፤ የእትዬን ድምፅ በዚህ? አልኩ። ምርጫዬን ቀጠልኩ። እሷ ሁለት ጊዜ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

"በል፣ በዚያችው ቅዳኝና ልሂድ።"

"ቆይ እትዬ፣ ላንቺ የሚሆን ደህና ማይክ እያየሁ ነው።"

"መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" አለችኝና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

በመጨረሻ ማይኩ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዛልኝ፤ ማክሰኞ በሚኒባስ ሊልክልኝ ተነጋገርን። ሰኞ ጠዋት ከሆስፒታሉ ተደወለ። ቦታ ተገኝቷል፣ ዛሬውኑ ትምጣ ተባለ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እንኳ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ "ዜማዋን በስልክህ ልበልልህ?" አለችኝ። በዚያ የረዳት ጩኸትና ጥሩምባ መሀል!

"ኧረ ተዪ፣ ስትመለሺ በደንብ" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ማይኩ በማግስቱ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እትዬ በሰላም ተመለሰች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንፋሿ ተስተካከለ። ድምፅዋ ግን ሻክሮ ቀረ፤ ወደ ላይ አልወጣ አለ። ይመለስ ይሆናል እያልን ወራት ጠበቅን። አልተመለሰም። እኔ ስለ ማይኩ አንድም ቀን አላነሳሁባትም፤ በምን አፌ! አንድ ቅዳሜ ራሷ መጥታ ማይኩ ፊት ተቀመጠች።

"ይሄን ያህል የደከምክበትን ዕቃ ሳንሞክረው?" አለች።

ጀመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ዜማውን ትታ ቃሉን ብቻ አወራችው። ማይኩ፣ ጥሩነቱን ልመስክር፣ አንዲትም ትንፋሽ አላመለጠችውም።

"እስቲ አሰማኝ" አለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ አውልቃ ሰጠችኝና፣ የምር ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለችኝ።

"ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አልኳት።