የማትቆመው ወፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ጥያቄው ፈላስፋንም እኔንም ያስጨንቃል፤ የሙዚየሙን አናጢ ግን አላስጨነቀውም። «ወንበር» ይል ነበር ሲጠየቅ፣ «ያውም የማይነቃነቅ።» እሱ የሠራው ጠረጴዛ ወለሉ ቢንጋደድ እንኳ አይንገዳገድም። ኩራቱ ይኸው ነው፤ ከእጁ የወጣ ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ታዲያ አንድ ቀን የጥንት አጥንት ተመራማሪዋ ዶክተር አንድ ሣጥን ሙሉ ከጀሶ የተቀረጸ አጥንት አመጣችለት። በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ውስጥ ትኖር የነበረች ወፍ ቅጂ ነው፤ ርዝመቷ ከሰው የማያንስ፣ መንጋጋዋ ጥርስ የተሰካበት፣ የክንፏ አጥንት እንደ ጣት የቀጠነ። «ጋሼ፣ ከጉዞ ስመለስ ተገጣጥማ ባገኛት ደስ ይለኛል» ብላው ሄደች።

እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት።

«ጥርስ ያላት ወፍ? ደግሞ የማትበር? አንተ ሰውዬ፣ አዞ እንዳይሆን የሰጡህ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ቆማ ስታያት አፍሽን ትይዣለሽ።»

ወፏ ግን አልቆም አለች። እግሮቿ ወደ ኋላ ሸሽተው ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ ባቆማት ቁጥር በደረቷ ትደፋለች። እልህ ያዘው። ስንቱን አንካሳ ወንበር ያቃና ሰው በወፍ ይረታል? መገጣጠሚያዋን በጀሶ ሞላ፣ ጉልበቷን ሞረደ፣ ውስጥ ለውስጥ ብረት ሰደደባት። በመጨረሻ እንደ ዘበኛ ቀጥ አለች።

ዶክተሯ ተመልሳ ስታያት አልተቆጣችም፤ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛችና በሁለት እግሯ አየሩን ወደ ጎን ቀዘፈች። «እንዲህ ነበረች፣ ጋሼ። መሬት ላይ መከረኛ ናት፤ ውሃ ውስጥ ግን ዓሣ አያመልጣትም። መቆም ምን ያደርግላታል?»

ምሳውን ሳይበላ ዋለ። በማግስቱ የሞላውን ጀሶ በገዛ እጁ ፈቀፈቀ፣ ብረቱን መዞ አወጣ። የሞረደውን ጉልበት እንደ ነበረ አበጀና ወፏን በሽቦ ከጣሪያው አንጠለጠላት፤ አንገቷን አስግጋ፣ እግሮቿን ከፍታ። ሲጨርስ ከሥሯ በጀርባው ተንጋለለ። ጣሪያው ባሕር ሆነ።

ሚስቱን አመጣት። ቆማ አንጋጠጠችና «ምስኪን፣ ክንፍ እንኳ የላትም» አለች።

«ነይ፣ ተኚ።»

«አብደሃል? ሰው ፊት?»

ግራ ቀኙን ገላምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ጋደም አለች። ቆይታ ክንዱን ጨበጠችው። «አንተ! ይቺ እኮ እየበረረች ነው!»

ከዚያ ወዲህ የዕድሜውን ሥራ ሲጠይቁት ወንበር አላለም። በጣቱ ወደ ላይ ያሳይ ነበር። መቆም ያቃተው ሁሉ ወድቋል ማለት እንዳልሆነ እኔ በመጻሕፍት ዞሬ የደረስኩበትን፣ እሱ በጀርባው ተኝቶ አገኘው።

ጡረታ ሲወጣ ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ጠየቁት። «ለእኔ ምንም። ከሥሯ አንድ ምንጣፍ አንጥፉልኝ፤ ሰው ተኝቶ ይያት» አለ።

ኃላፊው ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰው ሙዚየም መጥቶ ይተኛ ነው የሚሉት?»

ወንበር ሸለሙት፤ ያውም የሚነቃነቅ። ምንጣፉን ግን ያነጠፈ የለም። ጎብኚው ዛሬም ቆሞ ያንጋጥጥና «ምስኪን፣ ክንፍ እንኳ የላትም» ብሎ ያልፋል።