ሌሊቱን የበራው የደጅ መብራት

እህቴ ሶላሩን የላከችልኝ ከአረብ አገር በተመለሰች የሰፈራችን ልጅ እጅ ነበር። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ፤ ውስጡ «ለደጁ መብራት ይሁን፤ ስመጣ ጨለማ ደጅ ማየት አልፈልግም» የሚል ወረቀት ነበረበት። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ።

እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የመብራት ምሰሶ ቢተከልም ሽቦው ገና አልመጣም ነበር። ስልክ የሚይዘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ እዚያ ወጥቼ እደውላለሁ። ቁጥሯ አይጠራም።

ሥራ ስይዝ ሐሳቤ ትንሽ ያርፋል። ወሩ ኅዳር፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ የምታዘነብልበት ስለነበር ሶላሩን ጣሪያው ላይ ወደ ደቡብ አዘንብዬ አሰርኩት። ባትሪው ከጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሞላሁት፤ በየሰዓቱ በቴስተር እየለካሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ኤልኢዲ አምፖሉን ከበሩ በላይ ሰቀልኩና ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁት። ግቢው እስከ አጥሩ ድረስ ነጣ። አብሮኝ የሚያይ ሰው አልነበረም። አሮጌ ባትሪ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚታወቀው አብርቶ በመተው ስለሆነ ሳላጠፋው ተኛሁ።

ሲነጋጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። አሁንም ይበራል። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ! ደብተሬን ልከፍት ስል ሰዎች ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ከፊት፣ ባለቤታቸውና ሌሎች ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው። እህቴ ሞታለች፤ ሊያረዱኝ መጡ።

ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙኝ። «አላህ ሰብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥህ ልጄ። እንዴት ብቻህን ታድራለህ? አትጠራንም?»

«መቼ ሰማችሁ አባባ?»

«ምኑን? የሰማኸው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ያለ ሠርግ ያለ ለቅሶ ደጁን አብርቶ የሚያድር ማን አለ?»

«ባትሪው... ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ልለካ ብዬ ነው።»

ከዚያ ባለቤታቸው ነጠላቸውን መለሱና «አንተ የማትረባ! ዳገቱን ሙሉ ያለቀስኩት ለባትሪ ነው?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከሄዱ በኋላ ደብተሬን ይዤ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም ነበር። መብራቱን ሲያዩ ለማን እንደሚለቀስ ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔ ጉብታው ላይ ስመላለስ እነሱ መርዶዋን ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉብታው ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ነበረች። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት እንደነበር በአጭሩ ነገረችኝና «መብራቱስ?» አለች።

«ይበራል። አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል።»

«በምን አወቅህ?»

«ለካሁት።»

«ያው አንተ ነህ!» ብላ ሳቀች። እንደተለቀሰላት አልነገርኳትም። መቼ እንደምትመጣ ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ወርጄ ደጁን አበራሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቶቼ እንዳይደነግጡ፣ አጠፋሁት።